ያገለገለ ጋሻ፣ ብዛት 1

የከተማችን ሙዚየም ቦርድ ሰብሳቢ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። በስድስቱ ዓመት እንደ ጎብኚ ወደ ሙዚየሙ የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ አባርሮኝ ነው። በሩ ላይ የነበረው አዲሱ ወጣት አላወቀኝም። «ትኬት ይቁረጡ አባባ» አለኝ። ሰብሳቢው ነኝ እንዳልል አፈርኩ፤ ዝም ብዬ እንዳልገባ ልጁ በሩን ይዞ ቆሟል። ከፈልኩ። የትኬቱን ዋጋ በቃለ ጉባኤ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ ውድ መሆኑን ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

ወደዚያ ቀን እመለሳለሁ። መጀመሪያ እንዴት ሰብሳቢ እንደሆንኩ ልናዘዝ።

ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ከከተማው ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጡና «የታሪክ ሰው ያስፈልገናል» አሉኝ። ታሪክ ያስተማረ ሁሉ ሙዚየም ማስተዳደር ይችላል ማለት፣ ወጥ የሚወድ ሁሉ ወጥ ይሠራል እንደማለት ነው። ይህን ያኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። እኔ ግን «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ…» ብዬ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ተቀበልኩ። ለባለቤቴ የነገርኳት ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነው።

ሙዚየሙ ሁለት ክፍል ነው። ድሮ የአንድ ሹም ቤት ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ውስጡ ጋሻና ጦር፣ የብራና መጻሕፍት፣ የነሐስ ጽና፣ አንድ ጃኖ፣ አገልግል፣ እንስራ። አብዛኛውን የከተማው ሰው ከየቤቱ አውጥቶ የሰጠው ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ። ጥበቃውም፣ አስጎብኚውም፣ ጽዳቱም እሳቸው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው።

የመጀመሪያው ስብሰባችን አጀንዳ ጣሪያው ነበር። ያስያዙት ጋሼ ናቸው፤ ሰኔ ሊገባ ነው፣ ከጦሮቹ በላይ ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል። እኔ ግን «ራዕይ የሌለው ተቋም ጣሪያ ቢኖረው ምን ይሠራለታል?» አልኩ። ንግግሬ በጣም አምሮልኝ ነበር፤ ጸሐፊው ቃል በቃል እንዲይዘው ቀስ ብዬ ደገምኩለት። ከዚያ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ራዕይ ጻፍን። ሁለተኛው ያለቀው «በአፍሪካ ቀዳሚ» እንበል ወይስ «በምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ» በሚል ክርክር ነው። «በአፍሪካ» አሸነፈ። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ከካይሮ ጋር ሊፎካከር ቆርጦ ተነሣ። ጣሪያው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ከራዕዩ ቀጥሎ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ መጣ። እውነተኛው ድክመቴ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ዕቅድ እወዳለሁ። አንዳንድ ሰው ጠጅ እንደሚወደው ማለት ነው። ዕቅድ ከጠጅ የሚለየው፣ በማግስቱ ራሱን የሚያመው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። አንድ ወጣት አርክቴክት አዲስ ሕንፃ በኮምፒውተር ነደፈልን፤ አራት ፎቅ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ደጁ ላይ ፏፏቴ። በሥዕሉ ላይ የሚንሸራሸሩት ሰዎች ሁሉም ፈረንጆች ናቸው፤ አንዷ ውሻ ታስከትላለች። በከተማችን የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ፣ ፏፏቴውን ሳጸድቅ ትዝ አላለኝም። ጋሼ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቀሉና ትክ ብለው አዩት።

«መምህር፣ የኛ ዕቃዎች የትኛው ፎቅ ላይ ናቸው?»

ሥዕሉ ላይ ዕቃ የለም። «እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል» አልኳቸው።

ሕንፃው አልተሠራም፤ የመሠረት ድንጋዩ ግን ተቀምጧል። እብነ በረድ ነው። ማን እንዳስቀመጠው፣ እነማን በተገኙበት፣ በስንት ቀን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከግርጌው ደግሞ በትንንሽ ፊደል የኔ ስም። ዛሬ ፍየል ይወጣበታል። በግቢው ካሉት ነገሮች ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ መቼና ለምን እንደመጣ የተሟላ መግለጫ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ለልምድ ልውውጥ አዲስ አበባና ሐረር ሄደናል፤ በአበል። በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ፊት ቆመን ፎቶ ተነሣን። አስጎብኚዋ ለእይታ የቀረበው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አፅም ለብቻው ተቆልፎ እንደሚቀመጥ ነገረችን። እኔ ከዚህ የተማርኩት «እኛም ቅጂ ማሠራት አለብን» የሚለውን ነው፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ልማር ይገባኝ የነበረው ሌላ ነበር። ድንቅነሽ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ፣ ፈረንጆቹ ከዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት፤ መዝገብ ላይ ግን ኤ.ኤል. 288-1 ናት። አፋር፣ ስፍራ 288፣ የመጀመሪያው ናሙና እንደማለት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ፍጥረት አድራሻ አላት። የኛ ጋሻ ገና መቶ ዓመት ሳይሞላው አድራሻው ጠፍቶታል።

ሐረር ደግሞ የአብደላ ሸሪፍን ሙዚየም አየን። ሰውየው ቅርስ መሰብሰብ የጀመሩት በራሳቸው ቤት ነው፤ አሁን ስብስቡ ያለው ጀጎል ውስጥ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ነው። የተጎዱ የእጅ ጽሑፎችን ሳይቀር ይጠግናሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ከየት እንደሚጀመር ልጠይቅ አስቤ ነበር። ነገር ግን ጅብ ሲመገብ የሚታይበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ወጣን። ሪፖርቱ ላይ «ጠቃሚ ተሞክሮ ተቀስሟል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት፣ ከጅቡ ጋር የተነሣሁትን ፎቶ እያየሁ ነው።

ግንቦት 10 የዓለም ሙዚየም ቀን ነው። በየዓመቱ ባነርና ቲሸርት አሠርተን በአዳራሽ እናከብረዋለን። ጋሼም ቲሸርታቸውን ለብሰው አዳራሽ ስለሚውሉ፣ ሙዚየማችን በሙዚየም ቀን ዝግ ነው።

ጨርቅና ብራና ብርሃን አይወዱም። ለእንደነዚህ ያሉ ዕቃዎች የሚመከረው ከ50 ሉክስ ያልበለጠ ብርሃን ነው፤ የቀትር ፀሐይ ደጅ ላይ 100,000 ሊደርስ ይችላል። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው፣ በአስተያየት መስጫው ደብተር ላይ አንድ ሰው «ክፍሉ ይጨልማል» ብሎ መጻፉን ነበር። ስለዚህ መስኮቱን አሰፋሁ። ጋሼ መጋረጃ ይገዛ ብለው አራት ጊዜ ጠየቁ። መጋረጃ በስትራቴጂክ ዕቅዱ ውስጥ ስላልነበረ፣ አራቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» አልኳቸው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የተሰቀለው ጃኖ ጥለቱ ቀይ ነበር። አሁን የቀጭን ሻይ መልክ ይዟል። እጥፋቱን ገለጥ አድርጋችሁ ካያችሁ ግን፣ ፀሐይ ያልደረሰበት ጣት የምታህል ቦታ ላይ ቀዩ እንዳለ አለ።

በጽናው ጉዳይ ደግሞ በጀትም ዕቅድም ሰበብ አይሆኑኝም፤ በገዛ እጄ ነው። ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጽናው ጠቁሮ ስላስጠላኝ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ በሎሚና በአመድ አሸሁት፤ አልለቅ ሲለኝ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈገፈግሁት። ወርቅ መሰለ። ጋሼ መጡና ከንፈሩን ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ። ለካ በመርፌ ጫፍ የተጫረ ጽሕፈት ነበረው። «ዝ ጽና ዘወሀበ» ይላል፤ ቀጥሎ የሰጪው ስም ነበር። «ዘወሀበ» ዛሬም ይነበባል። ማን እንደሰጠ ግን ሽቦው ይዞት ሄደ። ጋሼ አልተቆጡም። «መቼስ አብርቷል» ብቻ አሉ።

አሁን ወደ ትልቁ ኃጢአት። ቅርሶቻችን የገቡት እንደማንኛውም የመሥሪያ ቤት ንብረት፣ በሞዴል 19 ነው። ደረሰኙን በኋላ አይቼዋለሁ። «ያገለገለ ጋሻ፣ ብዛት 1፣ የአንዱ ዋጋ» ይልና ሰረዝ። «ቆዳ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ብዛት 7።» የማን ነበር፣ የት ዋለ የሚል ዓምድ የለውም፤ ለወንበርና ለወረቀት የተሠራ ቅጽ ስለሆነ አይፈረድበትም። አንድ ዓመት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ንብረት ቆጣሪው ኮሚቴ «አገልግሎት የማይሰጡ» ያላቸውን ዕቃዎች ዘርዝሮ ላከልኝ። ጋሻው ተራ ቁጥር 14 ላይ ነበር፤ በአንድ የተቀደደ ጎማና በአንድ ካልኩሌተር መካከል። የኮሚቴው አስተያየት፦ በሐራጅ ይወገድ።

ፈረምኩ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት፤ የዓመቱን የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት እያረምኩ ስለነበር ቸኩዬ ነበር። አፈጻጸማችን 94 በመቶ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያን ጊዜም እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የሻይ ብርጭቆዬ እንጨቱን እንዳያበላሽ ከሥሩ አደርገዋለሁ።

ጋሻውን ያዳኑት ጋሼ ናቸው። ሰዎቹ ዕቃውን ሊጭኑ ሲመጡ ቁልፍ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ጠፋ። ሐራጁ ካለፈ በኋላ ጋሼ ኪስ ውስጥ ተገኘ። እኔ ስለ ንብረት አያያዝ ጉድለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኋቸው፤ ግልባጩ አሁንም ፋይላቸው ውስጥ አለ።

ጡረታ ሲወጡ ጋቢ አለበስናቸው፣ ሰርተፍኬት ሰጠናቸው፣ እኔም ንግግር አደረግሁ። ንግግሬ ረዘም ስላለ እሳቸው የሚናገሩበት ሰዓት አልተረፈም።

እንግዲህ ዝናቡ ያባረረኝ ከዚህ በኋላ ነው። ትኬቴን ይዤ ስገባ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ ቀድማኝ ገብታለች፤ እሷም ከዝናብ የተጠለለች ትመስላለች። ጋሻው ፊት ቆማ «ይሄ የማን ነው?» ብላ ወጣቱን ጠየቀችው። ልጁ መግለጫ ካርዱን አየ። ካርዱ «ጋሻ» ይላል። ቀና ብሎ ወደኔ ዞረና «አባባ፣ እርስዎ በዕድሜ ያውቁ ይሆን?» አለኝ።

«የጀግና ነው» አልኩ።

«የትኛው ጀግና?» አለች ልጅቷ።

መልስ ስፈልግ ከጀርባዬ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከጦሮቹ ሥር ባልዲ ተቀምጧል። ጣሪያው ነው፤ የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ። አጠገቡ፣ ግድግዳው ላይ፣ የፏፏቴው ሥዕል በእርጥበት ተላጥቶ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

በማግስቱ ትልቅ የመዝገብ ደብተር ገዝቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው ደብተሩን አገላብጠው አዩት፤ ባዶ ነው። ግራ የተጋቡ መሰሉ።

«መምህር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ሲጽፉ የነበረው ይህን አልነበረም እንዴ?»

ሲኒዬን አንሥቼ ጠጣሁ፤ ገና ትኩስ ስለነበር ምላሴን አቃጠለኝ። እሳቸው ግን ቂም አያውቁም፤ ወዲያው ይነግሩኝ ጀመር። አገልግሉን የሰፋችው ማን እንደሆነች፣ እንስራው ከየትኛው ምንጭ ይቀዳበት እንደነበር፣ ከሰባቱ ብራና አንዱ ሽፋኑ ለምን እንደተቃጠለ። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። በመጨረሻ ጋሻው ላይ ደረስን።

«እሱን ያመጡት አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ አባታቸው ማይጨው፣ በ1928 ዓ.ም. ይዘውት ዘምተዋል። ጋሻው ተመለሰ፣ እሳቸው ቀሩ። ሴትዮዋ ያመጡት የእርስዎ ስብሰባ ቀን ነው፤ በር ላይ አቁሜያቸው ገብቼ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርኩዎት። እርስዎ እስክሪብቶ ይዘው ስለነበር፣ ጽፈውታል ብዬ እኔ አልያዝኩትም።»

ቤት ገብቼ የስድስቱን ዓመት ማስታወሻ ደብተሮች አወረድኩ። ቀኑን አገኘሁት። ገጹ ላይ በእጄ ጽሕፈት የሰፈረው ይህ ነው፦ «‹ቀዳሚ› ወይስ ‹ተመራጭ›? በሚቀጥለው ይወሰን።»

ጋሼ ዘንድ ሦስት ማክሰኞ ተመላልሼ አርባ አንድ ዕቃ መዝግበናል። ተራ ቁጥር 1 ጋሻው ነው። «የሰጡት» በሚለው ዓምድ «አንዲት ሴት፣ አባታቸው ማይጨው የቀሩ» ብዬ በእርሳስ ጽፌ፣ ለስሙ ክፍት ቦታ ትቻለሁ። ከቤታችሁ ለአንድ ትንሽ ከተማ ሙዚየም ጋሻ ያስረከበች አያት ወይም አክስት ካለች፣ ሙዚየሙ የኛ ባይሆንም እንኳ ሄዳችሁ ስሟን አስጽፉ፤ ሲጽፉም ቆማችሁ እዩ። ወደኛ የምትመጡ ከሆነ ግን ቅዳሜና እሑድ፣ በአዘቦትም ቀን በምሳ ሰዓት ዝግ ነን። ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።