ኮፐንሃገን በማንቡክ

ከደጋ ወደ ማንቡክ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት ጥቅል ጎመን ይተክላል። ማንም አላዘዘውም፤ ብቻ ይተክላል። ከእንጅባራ ተነስቶ በቻግኒና በግልገል በለስ አድርጎ የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ከተማ ሲወርድ ጋቢውን መንገድ ላይ ያወልቃል፤ የእናቱን ጓሮ ግን ከልቡ አያወጣም።

የዚህ ወግ ባለታሪክ መምህር ነው። የሚያስተምረው ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጂኦግራፊ! ጠዋት ክፍል ገብቶ «ቆላ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ ከዚያ በላይ እስከ 2,300፣ ደጋ ደግሞ ከዚያ በላይ» እያለ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ተማሪውም ይገለብጣል። ከሰዓት በኋላ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ ቆላ መሬት ላይ የደጋ አትክልት ይተክላል። ትምህርቱና ጓሮው በር ላይ ቢገናኙም ሰላም አይባባሉም።

ዘሩን የገዛው ለእረፍት እንጅባራ በወጣ ጊዜ ነው። በአገራችን የዘር መደብሮች በብዛት ከሚሸጡት የጥቅል ጎመን ዝርያዎች አንዱ «ኮፐንሃገን ማርኬት» ይባላል። ኮፐንሃገን ማለት ሰዎቹ «በጋ ገባ» ብለው ልብስ በሚያቀሉበት በሐምሌ ወር እንኳ አማካይ ሙቀቷ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ከተማ ናት። ጥቅል ጎመንም የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለ አየር ነው፤ ከ25 ሲያልፍ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቀራል እንጂ ልብ አይቋጥርም። በመተከል ቆላ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቴርሞሜትር ከ35 በላይ ማሳየቱ ብርቅ አይደለም። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የኮፐንሃገን ሰው እዚያ ቢመጣ ሹራቡን አያወልቅም። ማንቡክ ቢወርድ ግን ሸሚዙንም ይፈታል። ጎመኑ የሚፈታው የለውም።

ቅጠሉ ሰፋ፣ ተንዘረፈፈ፣ መደቡን ሞላ፤ ጥቅልል የሚባል ነገር ግን የለም። መምህሩ ውኃ ጠምቶት ይሆናል ብሎ በቀትር ሳይቀር በጀሪካን አጠጣው። ለውጥ የለም። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ጎመን ቅጠል ወደ ላይ ሰብስቦ በሲባጎ አሰረው፤ ቅርጹን እንዲለምደው መሆኑ ነው። በማግስቱ አከራዩ መፋቂያቸውን እያኘኩ ብቅ አሉና ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«መምህር፣ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

«እንዲጠቀለል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«በዋስ ብትፈታው ይሻላል» ብለው ገቡ።

ሲፈታው ውስጡ በስብሶ ትል አርብቶ ነበር።

ቲማቲሙ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጉድ አደረገው። መጀመሪያ ሰኔ ላይ ተከለ፤ ዝናብ እያለ ማን ውኃ ይቀዳል! በመተከል ዝናቡ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከእርጥብ ቅጠል ላይ የማይጠፋው የፈንገስ በሽታ ነሐሴ ላይ ቅጠሉን አጠቆረው፤ ፍሬው ሳይቀላ በሰበሰ። እሺ ብሎ ለሁለተኛው ዙር ጥር ላይ አዛወረ። አሁን በሽታው የለም፣ አበባው ግን ባበበ ቁጥር ይረግፋል። ነገሩ የቀኑ ፀሐይ ብቻ አይደለም። ሌሊቱም ሲሞቅ፣ ማለትም ከ21 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲያድር፣ የቲማቲም የአበባ ብናኝ ሥራውን በቅጡ አይሠራም። ከዝናቡም ከሙቀቱም ለማምለጥ ችግኙን መስከረም መጨረሻ አፍልቶ፣ ጥቅምት ሲያልቅ አዛውሮ፣ በጥርና በየካቲት መልቀም ነው። ይህን የመስኖ ገበሬዎች ሁሉ ያውቁታል። መምህሩ ግን ያልጠየቀው እነሱን ነው፤ የጠየቀው ስልኩን ነው። ስልኩም የመለሰለት ስለ ፍሎሪዳ ነበር።

ምስጥ ሌላ ምዕራፍ ነው። ከምዕራብ ወለጋ እስከ አሶሳና መተከል ድረስ ያለው አገር ምስጥን የሚያውቀው እንደ ጎረቤት ነው፤ ኩይሳው ከቤት ጣሪያ ጋር ቁመት ይለካካል። መምህሩ ራዲዮ ላይ «ጉዝጓዝ እርጥበት ይይዛል» ሲባል ሰምቶ በደረቁ ወቅት መደቡን ሁሉ በሣር አለበሰው። ምክሩ ትክክል ነው፤ እርጥበት ይይዛል። በሦስተኛው ቀን ግን ሣሩን ከፍ ቢያደርገው ከሥሩ በጭቃ የተለሰነ ደንበኛ ቤት ተሠርቶበታል፤ ሠራተኛው ይወጣል፣ ይገባል። ተናድዶ ጉዝጓዙን ጠርጎ አቃጠለው። ያኔ ምስጡ ወደ በርበሬው ግንድ ዞረ። ምስጥ አብዝቶ የሚፈልገው የሞተውንና የደረቀውን ነው፤ ያን ሲያጣ ነው ሕያው ተክል ላይ የሚበረታው። ስለዚህ ጓሮን አጽድቶ መላጣ ማድረግ፣ ለዓይን ቢያምርም፣ እንግዳን ራት ከልክሎ ከልጆች ሳህን ላይ እንዲያነሳ እንደመጋበዝ ነው። ኋላ የደረቀውን ነገር ከመደቡ ራቅ አድርጎ ክምር ሠራላቸውና ተከባብረው መኖር ጀመሩ።

አጥሩንም የበሉት እነሱ ናቸው። መምህሩ በአዊ ደጋ የሚያውቀው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነበር፤ የቆላው ቀርከሃ ግንዱ ድፍን ነው። ድፍን መሆኑን አይቶ «ይሄስ ብረት ነው» አለ። ቀርከሃ ግን፣ ድፍንም ይሁን ባዶ፣ በሆዱ ስታርች ይዟል፤ ካልታከመ ነቀዝም ምስጥም ይወደዋል። አጥሩ ከሥሩ ተበልቶ በአንድ ሌሊት ነፋስ ተኛ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንዲሉ፣ ሲነጋ ሰላጣው በቦታው አልነበረም። ዳኝነት ይሰጥ ከተባለ ጥፋቱ የፍየል አይደለም፤ አጥር የሌለው ጓሮ ለፍየል የተዘረጋ ገበታ ነው። ችግሩ ፍየሎቹ የአከራዩ መሆናቸው ነበር። ተከራይ ደግሞ ከአከራዩ ፍየል ጋር አይካሰስም።

በዚህ መሐል የተከለው ፓፓያ አደገ። ይህኛው እንኳ ያኮራል፤ ቆላው ተስማምቶታል፣ ግንዱ ወፍሯል፣ ጥላውም ለወንበር ይበቃል። ከግማሽ ዓመት በላይ የልብስ እጣቢ ሳይቀር እየቀዳ ካሳደገው በኋላ ከረዥም ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ አበባ በዘለላ በዘለላ ተንዠረገገ። መምህሩ ለባልደረቦቹ በስልክ ፎቶ አንስቶ አሳያቸው። ከመካከላቸው የባዮሎጂው መምህር ፎቶውን አጉልቶ አየና ዝም ብሎ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ፓፓያው ወንዴ ነበር። ፓፓያ ጾታው የሚታወቀው ሲያብብ ነው፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በአንድ ጉድጓድ ሦስት ያህል ችግኝ ያቆምና አበባው ሲለይ ሴቴዋን አስቀርቶ ሌላውን ይነቅላል። ለአሥር ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃል። የመምህሩ ጓሮ ወንዴውን ይዟል፤ አሥሩ ሴቶች ግን የሉም።

እዚህ ላይ ነው በአጥሩ ማዶ፣ ማለትም አጥሩ በነበረበት ማዶ፣ የሚኖሩት የጉሙዝ እናት ወደ ነገሩ የገቡት። እሳቸው ግቢ ውስጥ መደብ የለም፣ ረድፍ የለም፣ ምልክት የተሰካበት እንጨት የለም፤ ዱባው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ በመሐሉ ባሚያ ቆሟል። ባሚያ በመተከልም በአሶሳም የቤት ነው። ትኩሱን ይከትፉታል፣ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አድርቀው ይወቅጡታል፣ በበጋም በወጥ ውስጥ ገብቶ ከማሽላ ገንፎ ጋር ይበላል። የባሚያ መነሻ የት እንደሆነ ሳይንቲስቶች ሲከራከሩ ከሚጠሯቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። መምህሩ ግን ዘር ፍለጋ ዓይኑ ዴንማርክ ድረስ ሲሄድ ከጎረቤት ግቢ አላረፈም ነበር።

እፍኝ ዘር ሰጡት። የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሮ ዘራው፤ በቀለ። ምስጡ አልነካውም፣ ሙቀቱም አላስደነገጠው፤ አበባው ቢጫ ሆኖ መሐሉ ጠቆር ያለ ቀይ ሲፈካ መምህሩ ከሥራ ሲመለስ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ይጎበኘው ጀመር። ፍሬውም መጣ። ጣት አከለ፤ መምህሩ ይደግ ብሎ ተወው። ክንድ ሊያክል ሲዳዳው በኩራት ቆርጦ ለእማማ ወሰደላቸው። ተቀብለው በጥፍራቸው ጫፉን ሞከሩት፤ ጥፍራቸው አልገባም። ቢላ አመጡ፤ ቢላውም አንገራገረ።

«መምህር፣ ይሄን ለወጥ ነው ወይስ ለወንበር እግር ያመጣኸው?»

«ይደግ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«አድጓል እኮ። አርጅቷል እንጂ!»

ባሚያ አበባው ከረገፈ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ይለቀማል፤ ከዚያ ካለፈ ጭረቱ እንጨት ይሆናል። በየሁለት ቀኑ ሲለቀም ደግሞ ተክሉ ማፍራቱን ይቀጥላል፤ ዘሩ እንዲደርቅበት ከተተወ «ሥራዬን ጨረስኩ» ብሎ ያቆማል። እማማ ያን ጣውላ አልጣሉትም። ሰንጥቀው ዘሩን አወጡለትና በጨርቅ ቋጠሩለት።

ከዚያ በኋላ ጓሮው መልክ ያዘ። ባሚያው፣ ዱባው፣ በአንድ ጥግ ሽፈራው፣ በጊዜው የተተከለ ቲማቲም፣ ዙሪያውን አዲስ አጥር። ቀርከሃው መሬት የሚነካበት ጫፍ አሁን የተቃጠለ ዘይት ጠጥቷል። ማንጎ ሊተክልም አሰበ። ከዘር የበቀለ ማንጎ እስኪያፈራ ከአምስት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ይደርሳል። መምህሩ ደግሞ ዝውውር የጠየቀ ሰው ነው። ቢሆንም የተዳቀለ ችግኝ ገዛ፤ ከመግዛቱ በፊትም ቅጠሉን ገልብጦ አየ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ዘልቆ ስለነበር፣ በቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የያዘ ችግኝ ወደ ግቢ ማስገባት ራስን መበደል ነው።

ጉድጓዱን እየሞላ ሳለ አከራዩ መጡ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ባሚያውን ነኩ፣ ዱባውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት፣ ማንጎው አጠገብ ቆሙ።

«መምህር፣ ግቢው እኮ ለማ! ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩ ላይ ትንሽ ይጨመራል።»

«ጋሼ፣ ያለማሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«አንተማ ተከልክ። አፈሩን ያወፈረው ማን ነው? የማን ፍየል ነው ክረምት ከበጋ ፍግ ሲጥልልህ የኖረው?»

በፍጉ ሒሳብ እስኪመሽ ተከራከሩ። በመጨረሻ ጭማሪው በግማሽ ተቀንሶ፣ በየቅዳሜው አንድ ሳህን ባሚያ ታክሎበት ተስማሙ።