እትዬ ማርትሬዛ ጡዋል ላይ

የሳዑዲዋ ድንበር ከተማ ጡዋል ውስጥ አሮጌ ብር ማግኘት አይከብድም፤ የሚከብደው ፎቶ ማንሳቱ ነው። ቀን ቀን የቲሃማ አቧራ ሰማዩን አድብዝዞት ይውላል፤ አቧራው ገለል ሲል ደግሞ ፀሐይዋ ብሩ ላይ አርፋ ዓይን ታጠፋለች። ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛን፣ በሞባይል ያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ፎቶው ሲታይ ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት የለችም፣ ያለው የራስህ ጢምና የስልክህ ጥላ ነው።

ስለዚህ ሌሊት ጣሪያ ላይ መውጣት ጀመርኩ። የለበን ካርቶን ጎኑን ቀድጄ፣ ውስጡን ነጭ ወረቀት አልብሼ፣ ባትሪዬን ዝቅ አድርጌ ከጎን አበራለሁ። ብርሃን በጎን ሲገባ ድፍን ይመስል የነበረው ፊት ብድግ ይላል፤ ሻሿ፣ ጉንጯ፣ ትከሻዋ ላይ የተሰካው ጌጥ። የጌጡ ሉል አንድ በአንድ ጥላ ያወጣል። የጥንት ነጋዴ ብሩን ከመቀበሉ በፊት እነዚህን ሉሎች ይቆጥር ነበር፤ እኔም አጉሊ መነጽሬን ይዤ ድምፅ አውጥቼ እቆጥራለሁ። መዘዝ የመጣው በዚህ ነው።

መዘዙን ከመተረኬ በፊት ስለ ንግሥቲቱ ላውራ፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ላይ ያለው ዓመትም 1780 ነው፤ ከሞተች በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ተሸክሟል፣ ሐበሻውም ዐረቡም ሌላ ዓይነት ሲያመጡለት ፊቱን ያዞር ነበርና። ምኒልክ ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበትን የ1887 ዓ.ም. ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡም ገበያው ከእሷ በቀላሉ አልተላቀቀም። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታት። ያለ ማርትሬዛ ሐበሻ አገር ገብቶ ገብስ መግዛት እንደማይቻል ገብቶት ነበር ማለት ነው።

የኔዋን የገዛሁት ሳምጣ ገበያ ከአንድ ብር ሻጭ ነው። አናቷ ላይ የማንጠልጠያ ብየዳ ትራፊ አለባት፤ አፍንጫዋ ከልብስ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተድጧል። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሁሉ እንዲህ ያለችውን ይንቃል። እኔ ደግሞ ከካዝና ወደ ካዝና ብቻ የተላለፈ ንጹሕ ብር አልወድም፤ ምን አይቶ ምን ሊያወራኝ? ይቺ የሰው አንገት ላይ ውላ አድራለች። የወሎ ሴት ትሁን የየመን ማን ያውቃል፤ ቀይ ባሕርን ስትሻገር ግን የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማ የጠየቃት የለም።

እንግዲህ አስቡት። እኩለ ሌሊት ነው፤ አንድ ሐበሻ ጣሪያ ላይ ካርቶን ውስጥ አጎንብሶ፣ ብር ላይ እያበራ ይቆጥራል። ከታች ያየ ጎረቤት የቤቱን ባለቤት ቀስቅሶ ይዞት መጣ። «ያ ሐበሺ! ሲሕር ነው?»

እዚህ አገር ሲሕር፣ ማለትም ድግምት፣ የቀልድ ክስ አይደለም፤ አንገት ያስቆርጣል። «ያ ዐሚ፣ ወላሂ ፎቶ ነው» አልኩ። ጓደኛዬ የወሎው ሰው ከበስተኋላዬ «አብሽር፣ አብሽር» ይለኛል፤ ዞር ብዬ ሳየው ግን እሱ ጫማውን አስሮ፣ አንድ እግሩን ወደ ጎረቤት ጣሪያ አሻግሯል።

ባለቤቱ ብሯን ነጠቀኝ። መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጋት፤ 28 ግራም ናት፣ የለመደ እጅ አይስታትም። «ፈራንሲ!» ብሎ በዐረብኛ ስሟ ጠራት፣ ፊቱ ፈካ። የእናቱ መህር፣ ጥሎሿ፣ የተከፈለው በዚህችው ነበር። ጎረቤቱ «በሳንቲምም ሲሕር ይሠራል እኮ» ሊል ሲሞክር «አንተ ሂድና ተኛ» አለው።

በማግስቱ በጨርቅ የቋጠረውን ይዞ መጣ። ማርትሬዛዎች፣ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ሪያል፣ አንድ ደግሞ የየመኑ ኢማም አሕመድ ሪያል። ይህን የመጨረሻውን ካርቶኔ ውስጥ አስገብቼ ብርሃኑን በጎን ስለቅበት ፀጉሬ ቆመ፤ ከዐረብኛው ጽሕፈት ሥር ማርትሬዛ ጀርባዋ ላይ ያላት የንስር ክንፍ ይታያል። የኢማሙ ሰዎች አዲስ ብር ከማቅለጥ ይልቅ እሷኑ መልሰው መትተዋት ነበር። ክንፉን ያሳየኝ በዘመናት የተጋገረው ጥቁረት ነው፤ ጉድጓዱን ሞልቶ፣ ከፍ ያለውን ገላልጦ። ሌሊት አመቻችቼ ላነሳው ብዬ ቋጠሮውን ትራሴ ሥር ትቼ ሥራ ሄድኩ።

ማታ ስመለስ ብሮቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው እንደ ሰርግ ቤት ሰታቴ ያብለጨልጫሉ። የወሎው ሰው ልቡ ራርቶ፣ የሰው ዕቃ በቆሻሻ አይመለስም ብሎ፣ በጥርስ ሳሙናና በሎሚ ቀኑን ሙሉ ሲፈትጋቸው ውሏል። የኢማሙን ሪያል አንስቼ በጎን አበራሁበት። ክንፉ ጠፍቷል፤ ያለው የብሩሽ ጭረት ነው።

ባለቤቱን በምን አፌ ላናግረው ብዬ ስጨነቅ ራሱ መጣ። አየና «ማሻአላህ!» አለ። የወሎውን ሰው አቅፎ ሳመው። ከኋላው ያ ጎረቤት የአያቱን የእግር አልቦ በፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ስንት ትላለህ?» አለው።

የወሎው ሰው እኔን ገልመጥ አደረገና «በፍሬ አምስት ሪያል» አለ። «ፎቶ ከፈለግህ እሱ በነፃ ያነሳልሃል።»