ደብዳቤ ከንጉሥ ሄንሪ ግቢ

ለንደን፣ መስከረም 6 ቀን

ለውድ እናቴ፣

ደብዳቤውን እንደ ልማዱ የሚያነብልሽ ወንድሜ ከሆነ እየዘለለ እንዳያነብ ንገሪው። መጨረሻው ላይ አስቸኳይ ጉዳይ አለ።

በጳጉሜን ቅዳሜ ከዚያ ከደሴው ልጅ ጋር ሃምፕተን ኮርት የሚባል የነገሥታት ግቢ ልናይ ሄድን። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋተርሉ ጣቢያ እንገናኝ» ብሎኝ ስለ ነበር ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «የት ነህ?» አለኝ። ለካ ልጁ አሥር ዓመት እዚህ ሲኖር ሰዓቱም ፈረንጅ ሆኗል።

ባቡሩ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥ፣ የቴምዝን ድልድይ ተሻግረን ገባን። መጀመሪያ ያሳየኝ ምን ይመስልሻል? ሰዓት! በ1540 የተሠራ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ሰዓቱን ብቻ አይደለም፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ የጨረቃን ዕድሜ፣ የለንደን ድልድይ ሥር ውኃው የሚሞላበትን ሰዓት ሳይቀር ይናገራል፤ ንጉሡ በጀልባ ነበርና የሚመላለሰው። ፀሐይ መሬትን ስትዞርም ታይበታለች። የሐበሻን ሰዓት ግን እሱም አያውቅም።

ግቢውን ንጉሡ የሠራው እንዳይመስልሽ። ካርዲናል ዎልዚ የሚሉት የሥጋ ሻጭ ልጅ፣ በትምህርቱ ከፍ ከፍ ብሎ ከንጉሡ ቀጥሎ ያለ ሰው ሆነና በ1515 ገደማ ጀመረው። ጥፋቱ አሳምሮ መሥራቱ ነው። ጌታው ሄንሪ 8ኛ ደግሞ የሰው ቤት ሲያምር ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። ካርዲናሉ ቁጣውን አይቶ ቤቱን አስረከበ፤ እሱም አላዳነውም። በ1530 ተይዞ ወደ ለንደን ሲወሰድ መንገድ ላይ ሞተ።

አንቺን ያስታወሰኝ ግን ወጥ ቤቱ ነው። ወጥ ቤት ስልሽ የእኛን አትገምቺ፤ ከሃምሳ በላይ ክፍል ያለው ሰፈር በዪው። በቀን ሁለት ጊዜ 600 ሰው ይመገብበት ነበር። ምድጃው ውስጥ ሰው ሳይጎነበስ ይቆማል። ለጎብኚ ብለው እሳቱን አንድደው ሥጋ በረጅም ብረት እየወጉ ያዞራሉ፤ ሽታው ሲመጣ የደሴው ልጅ ከዚያ አልነቀል አለኝ። ለቤተ መንግሥቱ ሰው በዓመት 1,240 በሬና 8,200 በግ ይታረድ ነበር ይባላል። ሠራተኞቹም ወንዶች ነበሩ። ወንድ ወጥ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በ1526 የወጥ ቤት ልጆች ራቁታቸውን እንዳይሠሩ ደንብ ማውጣት ግድ ሆኗል! (ወንድሜ፣ ይህችን መስመር ጎረቤት ካለ ዝለላት።)

የሄንሪ ሚስቶች ስድስት መሆናቸውን ከዚህ በፊት ነግሬሽ አማትበሻል። ያን ጊዜ ያልነገርሁሽ የአናጢዎቹን መከራ ነው። አን ቦሊን ስትነግሥ የስሟን ፊደል ከንጉሡ ፊደል ጋር አቆላልፈው በየጣሪያው ቀረጹ። አንገቷ ሲቆረጥ «ፋቁ» ተባሉ። ሠራተኛ ሠራተኛ ነውና አንዳንዱን ረሱት፤ ዛሬ ጎብኚው ሁሉ አንገቱን አንጋጦ የሚፈልገው ያንኑ የተረሳውን ነው።

ከዚያ ወደ አትክልቱ ወጣን። በ1768 የተተከለ አንድ ወይን አለ፤ አንድ ግንድ ሆኖ ሳለ የመስተዋት ቤት ተሠርቶለታል፤ ከእኔ ክፍል በብዙ ይሰፋል። ፍሬው በዚህ ሰሞን እየተለቀመ ሱቁ ውስጥ ይሸጣልና ገዛን። ይጣፍጣል፤ የጎመዘዘኝ ዋጋው ነው። መስኩ ላይ ደግሞ ስለ ንጉሥ ዊልያም 3ኛ ሰማሁ። እዚሁ በ1702 ሲጋልብ ፈረሱ በፍልፈል ቁልል ተደናቅፎ ጣለው፤ አጥንቱ ተሰብሮ ሳይከርም ሞተ። ጓሮሽን የምትቆፍረውን ፍልፈል እንግዲህ አትናቂያት።

ይኸው ንጉሥ ነው ጉዴን ያፈላው። በእሱ ጊዜ፣ በ1700 ገደማ፣ ሰው እየዞረ እንዲጠፋበት ብለው ከቁመቴ በሚበልጥ ቁጥቋጦ ጠመዝማዛ መንገድ ተከሉ። ገንዘብ ከፍሎ መጥፋት የፈረንጅ ጨዋታ ነው። ያንኑ አግዳሚ ወንበር አራት ጊዜ ካየን በኋላ ፀጉራቸው የነጣ፣ ምርኩዝ የያዙ አንዲት ሴትዮ አዘኑልን። «አንድ እጃችሁን ከአጥሩ ሳታነሡ ሂዱ» ብለው እየመሩ መሀሉ አደረሱን። እዚያ ቁጭ ብለን ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ።

«ጎንደር» አልኋቸው።

«ግንቦቹ ያሉበት?» ብለው ብድግ አሉ።

«ከአጥሩ ሥር ነው ያደግሁት» አልሁ ደረቴን ነፍቼ። ማን እንደ ቆረቆራት ጠየቁኝ። «ዓፄ ፋሲል፣ በ1636» አልሁ፤ የሄንሪ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚበልጠን አልነገርኋቸውም። እስከዚህ ደህና ነበርሁ። ቀጥለው «ግቢው ውስጥ ስንት ግንብ አለ?» አይሉኝም?

እማዬ፣ ያን አጥር በኳስ ስደበድበው አድጌ ውስጡ የገባሁት አንዴ ከትምህርት ቤት ጋር ነው፤ ያን ቀንም ስለ ቆሎ ስጣላ ነው የዋልሁት። ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው የጎንደር ቁጥር አንድ ብቻ ነው፣ የታቦቶቹ።

«አርባ አራት» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉት። የደሴው ልጅ ሳል ያዘው። ከዚያ ደብተሩን ዘጉና ለጥምቀት ጎንደር ሊመጡ ቲኬት መግዛታቸውን ነገሩኝ። እኔም በድንጋጤ «እንግዲያው እናቴ ቡና ታፈላልዎታለች» ብዬ የቤታችንን ምልክት ሰጠኋቸው።

አስቸኳዩ ጉዳይ ይኸ ነው። ወንድሜ ዛሬውኑ ግንቡ ገብቶ ይቁጠርና ልኩን ይጻፍልኝ። ሴትዮዋ ሲመጡ እስከ ሦስተኛው አስጠጪያቸው፤ ቆሎውም አይቅር። ስለ አርባ አራቱ ግንብ ከጠየቁሽ እንግሊዝኛ አልችልም በዪ። ወንድሜም ያን ቀን እንግሊዝኛ አይችልም።

ልጅሽ