ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና በሐበሻ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖረው ሐበሻ ስለ መኪና ያለው ዕውቀት ሰፊ ቢሆንም፣ በአመዛኙ ያተኮረው በቶዮታ ሲዬና ላይ ነው። ሲዬና ስምንት ሰው ትይዛለች፤ ከሰዎቹም ጋር የክርስትና ድግስ ከነድስቱ ትጭናለች። በአንጻሩ ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ብቻ የምታሳፍር መኪና የገዛ ሐበሻ ከወገኖቹ ጋር እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። በናሙናነት የተመረጡት አንዲት መኪናና አንድ ባለቤት ናቸው። ባለቤቱ ራሱ አጥኚው በመሆኑ የመረጃ ሰጪው ትብብር ከተጠበቀው በላይ ነበር።

መኪናዋ ማዝዳ ሚያታ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየች ሲሆን፣ ናሙናዋ ከዚያው ከመጀመሪያው ትውልድ ናት፦ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 116 የፈረስ ጉልበት፣ 1000 ኪሎ የማይሞላ ክብደት። በ2000 የጊነስ መዝገብ በዓለም በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ብሎ መዘገባት፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። አንድ ሚሊዮን ሚያታ ሁለት ሚሊዮን ሰው ያሳፍራል። ያንኑ ያህል ሲዬና ቢሆን ስምንት ሚሊዮን ያሳፍር ነበር። ስለዚህ ስድስት ሚሊዮን ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚያደርሰው እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

የፋብሪካው መሐንዲሶች ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል እንደሚሆኑት ሁሉ መኪናውና ነጂው እንዲዋሐዱ መፈለጋቸውን ደጋግመው ተናግረዋል። ጉግስ ያየ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም። ይሁንና ጉግስ ላይ ከፈረሰኛው ጎን የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ፣ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሁለተኛው ወንበር ራሱ ትርፍ መጫን ነው፤ የአዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ቢያገኘው ይቀጣበታል።

ስፖርት የሚለው ስም ፍጥነትን ያመለክታል የሚሉ ወገኖች አሉ። የመስክ መረጃው አይደግፋቸውም። እ.ኤ.አ. የ2017 ሲዬና 296 የፈረስ ጉልበት አላት። አረንጓዴ ሲበራ ስድስት ልጅና አንዲት አያት የጫነች ሲዬና ናሙናችንን ጥላት ትሄዳለች፤ ልጆቹም በኋላ መስታወት ቻው ይላሉ።

ደስታው ሌላ ቦታ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች አናት ላይ እየተጠማዘዘ 169 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሲዬና 56 እንቅልፍ ያመጣል። በሚያታ ግን ነጂው አስፋልቱን ሊነካ ምንም ያህል አይቀረውም። ጣሪያው ተከፍቶ የጥቅምት ቅጠል ሽታ እየገባ፣ አጭሯን የማርሽ ዘንግ በእጅ አንጓ ብቻ ከሦስት ወደ ሁለት መልሶ ኩርባው ውስጥ ሲገባ፣ ሞተሩ ጮክ ብሎ ይመልስለታል፤ ያው 56 ፖሊስ የሚያስጠራ ይመስለዋል። አንድም ሕግ ሳይጥሱ እንደ ሕገ ወጥ መደሰት የሚቻልበት ሌላ መንገድ አጥኚው አላጋጠመውም።

አንዳንድ ጠባዮችን በአጭሩ መመዝገብ ያስፈልጋል። የፊት መብራቶቿ ሲጠፉ ከኮፈኑ ጋር ተስተካክለው ይተኛሉ፣ ሲበሩ ብድግ ይላሉ። አንደኛው ብድግ ማለት የሰነፈ ዕለት መኪናዋ ትጠቅሳለች፤ ይህም ቅዳሴ እንደወጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ በእናቶች በተሞላበት ሰዓት ተከስቷል። ነባር ባለቤቶች ደግሞ ሌሊት በሩን እንዳንቆልፍ ይመክራሉ፤ ተቆልፎ ያገኘ ሌባ የሸራ ጣሪያውን በቢላ ቀዶ ይገባል፣ ሸራው ደግሞ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ይወደዳል። የሚያታ ነጂዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እጅ ማንሳት ልማዳቸው ነው። አጠገብ የተቀመጠ ሐበሻ “ማነው እሱ?” ይላል። “አላውቀውም” የሚለው መልስ ተቀባይነት አግኝቶ አያውቅም።

የጥናቱ ዋና መላ ምት፣ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ባለቤቱን ከ“አድርሰኝ”፣ ከ“መልሰኝ” እና ከ“ይህችን ዕቃ ያዝልኝ” ነፃ ታወጣዋለች የሚል ነበር። ለለቅሶ መሄጃ ሰዓት ደርሶ ሰው በየመኪናው ሲደለደል፣ “አንተ ስንት ትይዛለህ?” ይባላል። “አንድ።” ዝምታ ይሰፍናል። ከዚያ አንዱ፣ “ተጠጋግተን ብንቀመጥስ?” ይላል።

መላ ምቱ ውድቅ ሆኗል። አንዷ ወንበር ባዶዋን አትሄድም፤ የምትሰጠውም ሌሎቹ መኪኖች በየምክንያቱ “ሞልቶብናል” ላሉት ሰው ነው። ሲዬና ውስጥ ነገር ሲከር ከኋላ አንድ ሕፃን ያለቅስና ወሬው ይቀየራል። ሚያታ ውስጥ ሕፃን የለም። “ለመሆኑ ለምንድነው የማታገባው?” ከተባለ በኋላ የሚቀረው መንገድ ሁሉ የመልሱ ነው። ቆይቶም ወንበሯን ሆን ብለው የሚጠይቁ ተበራከቱ፦ ብር ለመበደር ያሰበ፣ ከወንድሙ ጋር አስታርቀኝ የሚል፣ ለማንም ያልነገረውን የሐኪም ወረቀት በኪሱ ይዞ የሚዞር። አንድ የማኅበራችን አባት ደውለው “ያቺን ትንሿን ይዘህ ና፣ የምነግርህ አለኝ” ብለዋል። ብቸኛው መከላከያ ጣሪያውን መክፈት ነው፤ ሀይዌይ ላይ በነፋስ ውስጥ ጥያቄ አይሰማም። ፀጉሯን ተሠርታ የመጣች ጠያቂ ላይ ግን አይሠራም።

በመጨረሻ የአጥኚው አክስት ከአዲስ አበባ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። በትኬቱ የሚፈቀዱት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች በርበሬና ሽሮ እንደሞሉ ሽታቸው ቀድሞ ይናገር ነበር። የሚያታ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ባትሪውና ትርፍ ጎማው አስቀድመው ሰፍረዋል። ሻንጣዎቹ በጓደኛ ሲዬና ሄዱ፤ አክስት በሁለት ሰው ድጋፍ ወርደው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረውም እስከ አሌክሳንድሪያ ምንም አልተናገሩም። ማታ ግን አዲስ አበባ ላለችው እህታቸው በስልክ ሲያስረዱ ተሰሙ፦ “ደህና ነው፣ ተመስገን፣ መኪናም ገዝቷል። በዱቤ ነው መሰለኝ፤ ለጊዜው ፊቱን ብቻ ነው የሰጡት። ኋላውን ሲከፍል ይቀጥሉለታል።”