20 እና 30 ሲደመሩ 2030

«አንተ ልጅ፣ ካልኩሌተር እያለልህ ስልክህ ላይ ምን ያፈዝሃል?»

ጋሼ፣ ካልኩሌተሩ ሲያጠፉት የትናንቱን ይረሳል። በዱቤ የወሰደብዎት ሰውዬ ደግሞ ካልኩሌተሩ እንደሚረሳ ያውቃል።

መርካቶ ውስጥ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማራለሁ ብሎ የተነሣ ወጣት ከድር ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ተረብ ሳይቀምስ አያልፍም። ይቅመስ፤ ተረብ የማይችል ሰው መርካቶ ላይ ዕቃም አይሸጥ። እኔን የሚቆጨኝ ልጁ መልስ አጥቶ፣ አፍሮ ትምህርቱን ሲተወው ነው። ከተረቡ ግማሹ እኮ ሁነኛ የጀማሪ ጥያቄ ነው፤ በወጉ የመለሰለት ስለጠፋ ነው ፉገራ ሆኖ የቀረው። መልሱን ላቀብል።

«ፕሮግራምህን 20 እና 30 ደምር ብንለው 2030 አለን። በዚህ ሒሳብ ነው ሱቅ የምትይዘው?»

ደምር መቼ አልከው ጀለሴ? አያይዝ ነው ያልከው። ፓይተን ላይ ኢንፑት በሚባለው ትእዛዝ ከሰው የተቀበልከው ሁሉ፣ ቁጥር ቢመስልም፣ ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚገባው። በሁለት ጽሑፎች መሐል የመደመር ምልክት ስታስገባ ይቀጣጠላሉ፤ «20» እና «30» ጎን ለጎን ቆመው «2030» ይሆናሉ። «5» የሚለውን ጽሑፍ በ3 ብታባዛው ደግሞ «555» ታገኛለህ። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ የተቀበልከውን በኢንት አሳልፈው፣ ቁጥር ይሆናል።

እዚህ ላይ ፓይተንን አመሰግነዋለሁ። ጽሑፉን «20» ከቁጥሩ 30 ጋር ደምር ብትለው እምቢ ብሎ ይቆማል፤ ለምን እንደቆመም ይነግርሃል። ጃቫስክሪፕት የሚባለው ሌላው ቋንቋ ቢሆን ሳይጠይቅህ 2030 አድርጎ ያስረክብሃል። በገንዘብ ነገር እምቢ ባዩን እመርጣለሁ።

አንድ ልጨምር፤ ሱቅ ውስጥ ቶሎ የሚገጥምህ ይኸኛው ነውና። ባለሱቁ ዋጋ ሲያስገባ «1,250» ወይም «1250 ብር» ብሎ ይጽፋል። ኢንት ኮማም አያውቅ፣ ብርም አያውቅ፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ያን ጊዜ «ሰዎቹ መጻፍ አይችሉም» የሚል ተማሪ ሰምቼ ተናድጃለሁ። ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው ዋጋ አጻጻፍ ካንተ አይማርም! ሪፕሌስ በሚባለው ትእዛዝ ኮማውንና «ብር» የሚለውን አንሣለት፤ ግራና ቀኙ ላይ የተረፈውን ባዶ ቦታ ኢንት ራሱ ችላ ይለዋል። ሰውዬው እንደለመደው ይጻፍ፣ የሚጠነቀቀው ፕሮግራሙ ይሁን።

«10 ሳንቲምና 20 ሳንቲም መደመር አቃተው አሉ፣ ያ ኮምፒውተርህ!»

እውነት ነው፣ አልክድም። 0.1 ሲደመር 0.2 ስንት ነው ስትለው 0.30000000000000004 ይልሃል። ጥፋቱ የፓይተን ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተር ክፍልፋይን የሚይዘው በ0 እና በ1 ስለሆነ 0.1ን ልኩን መያዝ አይችልም፣ የሚጠጋውን ይይዛል። ስለዚህ ገንዘብን በሳንቲም ቁጠር። 12 ብር ከ50ን 1250 ብለህ በሙሉ ቁጥር ያዘው፤ ለ100 የምታካፍለው ለደንበኛው ስታሳይ ብቻ ነው። ዴሲማል የሚባል መሣሪያም አለ። እሱን ስትጠቀም ቁጥሩን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በጽሑፍነት ስጠው፤ ያለ ጥቅስ ከሰጠኸው አስቀድሞ የተዛነፈውን ቁጥር ነው የምታቀብለው።

ራውንድ ለሚባለው ትእዛዝም ነቄ በል። 2.5ን አጠጋጋ ብትለው 2 ይልሃል፣ 3.5ን ግን 4 ያደርገዋል፤ እኩል መሐል ላይ የወደቀውን ሁሌም ወደ ተጋማሹ ቁጥር ነው የሚወስደው። 15 በመቶ ቫት የምታሰላ ከሆነ ይህን ሳታውቅ ደረሰኝ አትቁረጥ።

«ለአንዲት ባዶ ቦታ ብሎ የሚጣላ ቋንቋ!»

መርካቶ ላይ የተከመረ ዕቃ የማን እንደሆነ የምናውቀው በማን ደጃፍ እንደቆመ አይተን ነው። ፓይተንም መስመሩ የቱ ትእዛዝ ሥር እንደሆነ የሚያውቀው ገባ ብሎ በቆመበት ነው። አራት ባዶ ቦታ ግባ፣ ሁሌም አራት፤ ታብና ስፔስ አታደባልቅ። ጭቅጭቁ በዚሁ ያልቃል።

«እንግሊዝኛህ ሳይቃና ፓይተን?»

የፓይተን ቁልፍ ቃላት ኢፍ፣ ፎር፣ ዋይል እያልን ብንቆጥራቸው 35 ናቸው። ጓንዡ ደርሶ የተመለሰ ነጋዴ ከዚያ የሚበልጥ ቻይንኛ ይዞ መጥቷል፤ ማን ከለከለው? ሌላውን ስም የምታወጣው አንተ ነህ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ከወጣው ከፓይተን 3 ወዲህ ስሙን በአማርኛ ማውጣት ትችላለህ። ይህ እንዳለ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፦

ዋጋ = 250
ብዛት = 12
ድምር = ዋጋ * ብዛት

ድምር 3000 ይሆናል። ከውጭ ሰዎች ጋር ስትሠራ በላቲን ፊደል ትሰይማለህ፣ ወጉ ነው፤ ለመማርና ለገዛ ሱቅህ ግን ማንም አይከለክልህም። ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚወጣው ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክትም አያስደንግጥህ። ከታች ጀምረህ አንብበው፤ የመጨረሻው መስመር የስህተቱን ዓይነት ይነግርሃል፣ ከእሱ ከፍ ብለው ያሉት ጥቂት መስመሮች ፕሮግራምህ ስንተኛው መስመር ላይ እንደተሰናከለ ያሳዩሃል። ከእነሱ በላይ ያለውን ለጊዜው ተወው።

አሁን የኛ ወደሆነው ልግባ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

«እትዬ ፀሐይ 4000 ብር ዱቤ አለባት፤ ኮምፒውተርህ የለባትም አለ!»

አለባት። ስትመዘገብ «ፀሐይ» ተባለች፣ ስትፈለግ «ጸሀይ» ተባለች። ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ እኩል ናቸው ወይ ስትለው አይደሉም ይላል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው፤ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ለዚህ የውጭ ባለሙያ መፍትሔ እስኪያመጣ አትጠብቅ፣ ችግሩ እሱ ቤት የለም። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነሰባት ቤታቸው የሚመልስ አንድ አጭር ፈንክሽን ጻፍ። «ሃ» እና «ኣ» ብለው የሚጽፉም አሉና እነሱንም አትርሳ። ከዚያ የሰውየውን ስም እሱ እንደጻፈው አስቀምጥለት፣ ፍለጋውን ግን በተስማማው ፊደል አድርግ። የሰው ስም ነው፤ ለፕሮግራምህ ምቾት ብለህ አጻጻፉን አትለውጥበት።

ደስ የሚለው፣ የስም ዝርዝርህን በሶርትድ ደርድር ብትለው ዩኒኮድ የፊደል ገበታውን ተራ ስለጠበቀ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይደረድርልሃል። በግእዝ ቁጥር ለሚጽፉ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ «፭» አሃዝ ነው ወይ ስትለው ኢዝዲጂት የሚባለው ትእዛዝ አዎ ይልሃል፣ ወደ 5 ቀይርልኝ ስትለው ኢንት እምቢ ይላል። መለወጫውን ራስህ ትጽፋለህ።

ፋይል ስታስቀምጥና ስትከፍት ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ነው ብለህ በግልጽ ጻፍ። ዊንዶውስ ላይ ይህን የረሳ ሰው አማርኛው ሲያስገባ ይወድቅበታል፣ ወይም ሲከፍተው ትርምስምስ ይልበታል። ኤክሴል የሚያነበው ሲኤስቪ ከሆነ ዩቲኤፍ-8-ሲግ በለው።

«ጥቅምት 30 የሚባል ቀን የለም አለኝ!»

አዎ፣ ለፓይተን ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ 2017፣ 2፣ 30 ስትለው እንዲህ ያለ ቀን የለም ይልሃል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ደጃፉም አታልፍ። እነዚህ ግን ቸር ስህተቶች ናቸው፣ ይጮሃሉ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው። ፓይተን ጃንዋሪ 30 እና ፌብሩዋሪ 1 መስለውት 2 ቀን ይቆጥርልሃል። የዱቤ ቀጠሮ፣ የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ ተራ በዚህ ሒሳብ ከተያዘ ሰው ይጣላል።

የኛ አቆጣጠር ለፕሮግራም የሚያስቸግር የሚመስላቸው አሉ። ተሳስተዋል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን የሆነ አቆጣጠር ከየት ይገኛል? ይኸው በአንድ መስመር፦

ቁጥር = 365 * (ዓመት - 1) + ዓመት // 4 + 30 * (ወር - 1) + ቀን

ሁለቱ ሰረዞች ተረፉን የሚጥል ማካፈል ናቸው፤ ስድስት ቀን ያላትን ጳጉሜን የሚቆጥሩልህ እነሱ ናቸው። ሁለት ቀኖችን በዚህ ቀይረህ ብትቀንስ ልዩነታቸው ይወጣል፣ ጳጉሜን ሳትቀር። በቁጥሩ ላይ 2795 ጨምረህ ፍሮምኦርዲናል ለሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ብትሰጠው ደግሞ የፈረንጁን ቀን ይነግርሃል። ፈትነው፦ መስከረም 1 ቀን 2000፣ ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ቀን፣ 730136 ይወጣል፤ 2795 ሲጨመርበት 732931፣ ማለትም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007። አልተዛነፈም።

«ላፕቶፕ ሳይኖርህ ፕሮግራመር?»

አንድሮይድ ስልክ ካለህ ፓይድሮይድ 3 የሚባል መተግበሪያ ጫን፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እስካሁን ያልኩት ሒሳብ ሁሉ በእሱ ይሄዳል። ኮምፒውተር ስታገኝ ትቀጥላለህ፤ እስክታገኝ አትቁም።

«ኤክሴል አይበቃም?»

ለብዙ ሱቅ ይበቃል፣ ባለቤቱን አታስቸግር።

«ሰርተፊኬት አለህ?»

ውሰድ። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚገኝ ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረትም፣ ዳታ ሳይንስም አለበት። ግን ሰርተፊኬቱ ላይ አትቁም። በማታውቀው ሰው ምሳሌ ስትለማመድ ስህተትህን የሚነግርህ የለም። የእናትህን የበርበሬ ሒሳብ ስትጽፍ ግን አንድ ኪሎ ብታጎድል እናትህ እዚያው ይነግሩሃል። ከዚህ የተሻለ ፈታኝ አላውቅም።

«ኤአይ ይጽፈው የለ እንዴ፣ ምን ያለፋሃል?»

ይጽፈዋል፤ አንተም አስጽፈው። የጻፈውን ማን ይፈትሻል? የሱቁ ደብተር በኢትዮጵያ ቀን መያዙን፣ ፀሐይና ጸሀይ አንድ ሴት መሆናቸውን፣ ዋጋው ከነኮማው መጻፉን የምታውቀው አንተ ነህ። 2030 ብሎ ሲያስረክብህ አመስግነህ የምትቀበል ከሆነ የባለሱቁን ገንዘብ በእጅህ አትንካ። ማንበብ የቻልክ ግን ባንድ ቀን የብዙ ቀን ሥራ ትሠራበታለህ።

«ይህን ሁሉ ለሰው ከነገርክ ምን ትሸጣለህ?»

ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲለቀው ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ እኔም አንተም ሳንከፍል ነው የምንጠቀምበት። የፊደል ማስማሚያ፣ የቀን ቀመር፣ የግእዝ ቁጥር መለወጫ የጻፋችሁ ልጆች ኮዱን ስልካችሁ ውስጥ አትቆልፉት። ከጎናችሁ ለተቀመጠው ጀማሪ ስጡት፣ እንዴት እንደሚሠራም አስረዱት። በቀጣዩ ሱቅ ያለው ልጅ ያንኑ ስህተት እንደገና ከመጀመሪያው ሊሳሳት አይገባም።