የደለል ክስ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ፣ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦርነት ካሳ ቆቃ ላይ ግድብ ተሠራና መንገዱን ያዘው። ውሃው ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። ከሐይቋም 43 ሜጋ ዋት ያህል መብራት ተወለደ፤ የወንጂ ሸንኮራ አገዳ በበጋም ጠጣ፤ ሽንኩርት ዳርቻው ላይ ሰፈረ፤ ዓሦቹ ቆሮሶና አምባዛ ተባዙ፤ አስጋሪውም ልጆቹን አሳደገ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ሐይቋ፣ «ልጆቼ፣ ውሃ የማኖርበት ሆዴ በጭቃ እየሞላ ነው» አለች። ሁሉም ደነገጡ። ከግራር ሥር ችሎት ተዘረጋ፤ አያ ጉማሬ ዳኛ ሆነ፤ ደለል ተከሳሽ ሆኖ ቆመ።

«ቤታችንን ነጠቀን» አለ ቆሮሶ። «ጉልበቴን ቀነሰው» አለ መብራት።

ደለል አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለ፦ «ጌቶቼ፣ ደጋ ላይ ማሳ ነበርኩ። ጤፍ በቅሎብኛል። ዛፉ ተቆረጠ፤ የሚይዘኝ እርከን አልነበረም፤ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ አመጣኝ። እናንተ ጠላት ትሉኛላችሁ፤ እዚያ ላይ ግን እንጀራዬ ሄደ ብሎ የሚያለቅስልኝ ገበሬ አለ።»

ከተናገሩት ሁሉ እውነቱ ከእሱ ዘንድ ነበር። ጭቃ ውስጥ የሚያድረው አምባዛም፣ «ስንት ማሳ እዚህ እንደተኛ እኔ አውቃለሁ» ብሎ መሰከረለት።

«ተጠርጎ ይውጣ!» አለ ሽንኩርት።

«ዘንድሮ ብትጠርጉት ከርሞ ሌላ ማሳ ይመጣል» አለች ሐይቋ።

ስለዚህ እርከን እንዲሠራ፣ ችግኝ እንዲተከል ወደ ደጋው ተራራ ላኩ። ተራራውም መለሰ፦ «የሚቆፍረው ገበሬ ነው። እርሻውን ትቶ ለእናንተ ሲቆፍር ቤቱን ማን ያብላለት? መብራት ሆይ፣ ከተማውን ስታደምቅ ታመሻለህ፤ የእሱ ልጅ ግን በኩራዝ ያጠናል። ሸንኮራ ሆይ፣ ከስኳርህ ምን ደርሶታል?»

መብራት መልስ አጣ። ሸንኮራ ግን ተነሳ፤ «ከምርቴ ላይ ድርሻ ላውጣ» አለ። መብራትም መስመሩን ወደ ደጋ ሊዘረጋ ቃል ገባ። አያ ጉማሬ ደለልን በነፃ አሰናብቶ፣ ከሐይቋ የሚበላ ሁሉ ክረምት ሳይገባ እንዲያዋጣ ፈረደ።

«እኔ ትንሽ ነኝ፤ ስንት ልክፈል?» አለ ሽንኩርት።

«የምትጠጣውን ያህል» አለችው ሐይቋ።

በዚያው ሳምንት ዶማው፣ አካፋውና የገበሬው ስንቅ ተጭኖ ወደ ደጋ ወጣ።