ክቡር አሰልጣኝ ሆይ፣ ወዳጅነትዎ ይለምልም!

ክቡር አሰልጣኝ ሆይ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ፊርማዎን አኑረዋል፣ ማሊያ ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል፣ የክለቡ ፕሬዚዳንትም እጁን ትከሻዎ ላይ ጣል አድርጎ “ሙሉ ሥልጣን ሰጥተናቸዋል” ሲል ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ያችን ሙሉ ሥልጣን ደህና አድርገው ይዩዋት፤ ከአዳራሹ ሲወጡ አብራዎት አትወጣም። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ልምምድ ሜዳ ላይ የሚጠበቅብዎ ሌላ ነገር ነው፦ መወደድ።

ድሮ፣ ኋላ ቀር በነበርንበት ዘመን፣ አሰልጣኝ ይፈራ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሲገባ ወሬ ይቆማል፣ ያረፈደ ተጫዋች ሰበቡን መንገድ ላይ እያጠና ይመጣል፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የዋለውም ለምን እንደዋለ የሚጠይቀው ራሱን ነበር። ዛሬ ተመስገን ሠልጥነናል። ዛሬ ያልተሰለፈ ተጫዋች ራሱ አይጠይቅም፤ ወኪሉ ይጠይቅለታል። ወኪሉ መልስ ካላገኘ ወንድሙ በኢንስታግራም ይጠይቅለታል። ያም ካልሆነ ፕሬዚዳንቱ ራሱ በእራት ሰዓት ይደውልልዎታል፤ “ሥራዎ ውስጥ መግባቴ አይደለም እንጂ” ብሎ ይጀምርና ሥራዎ ውስጥ ይገባል። እርስዎ ግን አይደንግጡ። ወዳጅነት ሁሉን ያሸንፋል። ከእርስዎ የቀደሙት እንዴት እንደተወዳጁ ጥቂት ላስታውስዎ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለወዳጅነት ሐውልት የሚቆም ከሆነ የመጀመሪያው ለፈረንሳዩ ሬይሞን ዶሜኔክ ይገባል። በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ በሜክሲኮ 2ለ0 በተሸነፈችበት ዕለት፣ በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ አጥቂው ኒኮላ አኔልካ ስለ አሰልጣኙ ያለውን አስተያየት ገለጸ። ሌኪፕ ጋዜጣ አስተያየቱን የፊት ገጹ ላይ በትልልቁ አተመው። አኔልካ “ቃሌ እንደዚያ አልነበረም” ብሏል፤ እኔም ጨዋ አንባቢ ፊት የምደግመው ነገር አይደለም፤ የአሰልጣኙ እናት እንዳልተረሱ ብቻ ይወቁ። ፌዴሬሽኑ አኔልካን ወደ አገሩ ሸኘው። በማግስቱ፣ ጁን 20 ቀን፣ ቡድኑ ባረፈባት ናይስና ከተማ ሕዝብ የሚያየው ልምምድ ነበር። ተጫዋቾቹ መጡ፣ ለደጋፊዎች ፈረሙ፣ አምበሉ ፓትሪስ ኤቭራ ከአካል ብቃት አሰልጣኙ ከሮቤር ዱቬርን ጋር ተፋጠጠ፣ ዶሜኔክ ገላጋይ ሆኖ መሐል ገባ። ከዚያ ሁሉም ተሰልፈው አውቶቡሳቸው ውስጥ ገቡና መጋረጃውን ዘጉ። አድማ መሆኑ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። አድመኞቹ መግለጫ አላቸው፤ አንባቢ ግን የላቸውም። ማን ያንብብላቸው? ዶሜኔክ! አድማው የተመታበት ሰውዬ፣ አድመኞቹ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው፣ እሱ ካሜራ ፊት ቆሞ መግለጫቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበላቸው። ብዙ ደግ አለቃ ይኖራል፤ የደሞዝ ጭማሪ የሚፈቅድ አለ፣ ሠራተኛው ሲታመም ጠያቂ የሚሆን አለ። በራሱ ላይ የተጻፈን ክስ ለከሳሾቹ የሚያነብ ግን እኔ ከዶሜኔክ በቀር አልሰማሁም። ሁለት ቀን ቆይቶ ፈረንሳይ በአስተናጋጇ 2ለ1 ተሸነፈችና በአንድ ነጥብ ከምድቧ ግርጌ ሆና ተመለሰች። ነጥብ ያልፋል፣ ወዳጅነት ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ወዳጅነቱም አልቀረም።

ይህ ከከበደብዎ ቀለል ያለውን የማውሪሲዮ ሳሪን መንገድ ይሞክሩ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2019፣ ዌምብሌይ፣ የሊግ ካፕ ፍጻሜ፣ ቼልሲ ከማንቸስተር ሲቲ። 0ለ0 ናቸው፤ ተጨማሪው ሰዓት እያለቀ ነው። ሳሪ በረኛውን ኬፓ አሪዛባላጋን አስወጥቶ ዊሊ ካባዬሮን ለማስገባት ወሰነ። ቁጥሩ ወጣ፣ ካባዬሮም መስመሩ ላይ ቆመ። ኬፓ ግን ከግቡ ፊት ሆኖ በጣቱ “አይሆንም” አለ። በቃ፣ አልወጣም። ሳሪ ጮኸ፣ ዘለለ፣ ወደ መውጫው መንገድ ጀምሮ ተመለሰ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ እያየ ካባዬሮ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቼልሲም በመለያ ምት 4ለ3 ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ሳሪ ነገሩ ሁሉ አለመግባባት እንደነበር አስረዳ። እኛም ገባን፤ አንዱ ውጣ ሲል ሌላው አልወጣም ሲል መግባባት ስለሌለ። ኬፓ የሳምንት ደሞዙን ተቀጣ፣ አንድ ጨዋታም ተቀመጠ። ሳሪ በዚያው ዓመት የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አንሥቶ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ፤ ኬፓ የሰባት ዓመት ውሉን ይዞ ቀረ። ከሁለቱ የክለቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ሲጠፋኝ ይኸው ስንት ዓመቴ።

ግብዣም አይናቁ። ክላውዲዮ ራኒዬሪ ሌስተር ሲቲን ሲይዝ ተጫዋቾቹን “ግብ ሳይገባባችሁ ከወጣችሁ ፒዛ አበላችኋለሁ” አላቸው። በኦክቶበር 2015 ክሪስታል ፓላስን 1ለ0 ሲረቱ ቃሉን ጠበቀ፤ ፒዛውን ግን ራሳቸው እንዲያዘጋጁት አደረገ። በሜይ 2016 ማንም ያልገመተውን የእንግሊዝ ሻምፒዮንነት አብረው በሉ። በፌብሩዋሪ 2017 ክለቡ ራኒዬሪን አሰናበተው። ተጫዋቾቹ “እጃችን የለበትም” አሉ፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ብቻ ከስንብቱ አራት ቀን በኋላ ሊቨርፑልን 3ለ1 አሸነፉ፤ የጄሚ ቫርዲ እግርም ከሄደበት ተመልሶ ሁለት ግብ አስቆጠረ።

ይህ ፈውስ ከዚያ በፊትም ታይቷል። በዲሴምበር 2015 ያው የራኒዬሪ ሌስተር የጆዜ ሞሪንሆን ቼልሲ 2ለ1 ረታ፤ ሞሪንሆም ሥራዬን የከዱኝ ያህል ይሰማኛል አለ። በሦስተኛው ቀን ተሰናበተ። የክለቡ ቴክኒክ ዳይሬክተር ማይክል ኤሜናሎ በአሰልጣኙና በተጫዋቾቹ መካከል ለሁሉም የሚታይ አለመስማማት እንደነበር ተናገረ። በሜይ ሻምፒዮን የነበረው ቡድን ያን ዕለት 16ኛ ነበር። ሞሪንሆ በወጣ በሁለተኛው ቀን ቼልሲ ሰንደርላንድን ስንት አሸነፈ? 3ለ1! ውጤቱ እንኳ ያው ነው። የአሰልጣኝ ስንብት ለደከመ ጉልበት ፍቱን መድኃኒት መሆኑን ሐኪሞች እስካሁን አለማጥናታቸው ይገርመኛል። ራኒዬሪ ሲባረር ሞሪንሆ የራኒዬሪን ስም መነሻ ሁለት ፊደላት ደረቱ ላይ አጽፎ ጋዜጠኞች ፊት ቀረበ፤ የሐዘንተኛን ቤት የሚያውቀው ሐዘንተኛ ነው።

ሞሪንሆ ደግሞ ወዳጅነት የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም። በ2010 ከኢንተር ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ባነሣበት ምሽት፣ ከበርናባው ስታዲየም ሲወጣ መኪናውን አስቁሞ ወርዶ ማርኮ ማቴራዚን አቀፈ፤ ሁለቱም ተላቀሱ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባና ወደ ሪያል ማድሪድ ሥራው ሄደ። ክቡር አሰልጣኝ ሆይ፣ ማልቀስዎ ካልቀረ እንዲህ ያልቅሱ፦ ዋንጫ ይዘው፣ ሌላ ሥራም አግኝተው።

ታዲያ ፕሬዚዳንቶች ምነው ሁልጊዜ አሰልጣኙን? አበው “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ያሉት ይህን ሳያዩ ነው። ቼልሲ በ2018 ኬፓን የገዛው በ71.6 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ጓንት አጥልቆ “አልወጣም” ሲል፣ አስወጪው ማን ሊሆን ነው? ተጫዋች ይሸጣል፣ ስለዚህ ሀብት ነው። አሰልጣኝ ወጪ ነው። ሃያ አምስት ሰው ማባረር የዝውውር መስኮት ይጠብቃል፣ ደንበኛ ይፈልጋል፤ አንዱን ግን ማክሰኞ ማታ በአንድ ደብዳቤ ይሸኙታል። ተጫዋቹ ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቃል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እሱም ነገ ጉልበቱ ሲጎዳ እንዴት እንደሚጣል አይቷል፣ ስለዚህ ወደሚያዋጣው ያደላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አሰልጣኙን “ከልጆቹ ጋር ተወዳጅ” ብሎ መላክ ደጅ እንዲጠና መላክ ነው። ደጅ የሚጠናው ደግሞ የሚያዝዘው ሰው ደጃፍ ላይ ነው።

እንዳይሳሳቱና አርአያ እንዳያደርጉት የማስጠነቅቅዎ አንድ ሰው አለ፦ የማንቸስተር ዩናይትዱ አሌክስ ፈርጉሰን። በፌብሩዋሪ 2003 ዩናይትድ በኤፍኤ ካፕ በአርሰናል 2ለ0 ሲሸነፍ (የአርሰናል ደጋፊ ሆይ፣ ደስታህን ላሳጥርብህ፤ ሊጉን በዚያው ዓመት ዩናይትድ ወሰደው) መልበሻ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ የነበረ ታኬታ በእግሩ መታ፤ ታኬታውም በርሮ የዴቪድ ቤካምን ቅንድብ ፈነከተ። ጸጉሩን ወደ ኋላ ጠርዞ ቁስሉን ለፎቶ አንሺዎች ያሳየው ቤካም በዚያው ክረምት ማድሪድ ነበር። አምበሉ ሮይ ኪን በ2005 ለክለቡ ቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ የቡድን ጓደኞቹን ሲያብጠለጥል ጊዜ እሱም በሩን አገኘው። እንዴት ያለ ጨካኝ!

ግን ይህ ጨካኝ በ1995 ኤሪክ ካንቶና ደጋፊ ረግጦ ለወራት ሲታገድና እንግሊዝን ጥሎ ሊሄድ ሲል፣ ፓሪስ ድረስ ሄዶ አባብሎ የመለሰው ሰው ነው። ያን ጊዜ የሄደው ወዳጅ ሆኖ ነው፤ ሊያሰናብተው የሚችለው ሰው “ቅርልኝ” ሲለው ካንቶና ክብደቱን አወቀ። የማያባርር ሰው “ቅር” ቢል ምን ዋጋ አለው? ፈርጉሰን ይህን የቻለው በታኬታ አይደለም። በ1986 መጥቶ እስከ 1990 አንድም ዋንጫ ሳያነሣ፣ ደጋፊው “ይሂድልን” እያለ፣ ከጀርባው ያልሸሸ ቦርድ ስለነበረ ነው። እንዲህ ያለ ቦርድ ለእርስዎ አልተፈጠረምና ታኬታ አይምቱ፤ የሚሰበረው የእርስዎ ጣት ነው።

“አንቸሎቲስ?” ይሉኝ ይሆናል። ካርሎ አንቸሎቲ ከተጫዋቾቹ ጋር ሲጋራ ይዞ ፎቶ የሚነሣ፣ በአሰልጣኝነቱ አምስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሣ ሰው ነውና ለወዳጅነት ምስክር ይሆናል። መልካም፤ ባየር ሙኒክን ግን ይጠይቁልኝ። በሴፕቴምበር 2017 ፓሪስ ላይ ኮከቦቹን ሮበንን፣ ሪቤሪንና ሁሜልስን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ 3ለ0 ተሸነፈና በማግስቱ ተሰናበተ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ኡሊ ሆነስ በኋላ አምስት ተጫዋቾች በአሰልጣኙ ላይ ተነሥተው እንደነበር ተናገረ። ሰውዬው ያው ነው፣ ጨዋነቱም ያው ነው። ፕሬዚዳንቱ የሰማው ግን አምስቱን ነው።

የኛን የተመልካቾቹን ነገር አንሥቼ ላብቃ። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለው ይስሙን። ቡድናችን ሲሸነፍና አሰልጣኙ ለስላሳ ከሆነ “እነዚህን ልጆች አለንጋ ነው የሚያድናቸው” እንላለን። አለንጋ የያዘው ሲመጣና ሲሸነፍ “ልጆቹን አስኮረፋቸው፣ ሰው መያዝ አያውቅም” እንላለን። ሁለቱንም የምንለው በአንድ ወንበር፣ አንዳንዴም በአንድ ማክያቶ ነው። በገዛ ሜዳችን ደግሞ ኮስተር ያሉት ሰውነት ቢሻው ዋሊያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቁልን፤ ለዓለም ዋንጫም እስከ መጨረሻው ጥሎ ማለፍ አደረሱን። በ2014 መጀመሪያ አሰናበትናቸው። አንድ ነገር ግን ለተጫዋቾቻችን ልመስክር፤ በእኛ ሊግ ልምምድ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ደሞዝ ወራት ሲያልፈው ነው። ያን ዕለት አሰልጣኙ መግለጫ ቢያነብላቸው አልስቅም፤ የእሱም ደሞዝ አልተከፈለማ።

ስለዚህ ክቡር አሰልጣኝ ሆይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይመለሱና አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፦ “ኮከቡን ባስቀመጥኩት ማታ ወኪሉ ሲደውልልዎ ስልኩን ያነሣሉ?” “አላነሣም” ካለና ዓይኑን ካልሰበረ፣ ይሥሩ፤ ልጆቹንም እንዳሻዎ ይውደዱ። ከሣቀ ግን ውሉን ይግለጡና ስለ ስንብት ካሣ የሚለውን አንቀጽ ደግመው ያንብቡ።